የበሬ ጨጓራ፣ የሰው አፍ

በበዓል ጠዋት ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ የቅርጫ በሬ ታርዶ ሲበለት፣ መደቡ ሳይጠናቀቅ ጨጓራው ለዱለት ወደ ጓዳ ይገባል። ፍል ውሃ ይፈስበትና በቢላ ይፋቃል። ከቢላው ሥር የሚነሣውን ጥቁር ልባስ ጣቱ ላይ አድርጎ ላየው ሰው፣ እንደ ፎጣ ፀጉር ተጠጋግተው የቆሙ ቅጠል መሳይ ጉጦች ይታዩታል። ይህ ልባስ ከእኛ ጨጓራ ይልቅ ለእኛ አፍ ይቀርባል።

የአፋችን የውስጥ ሽፋን በብዙ ረድፍ የተነባበሩ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ነው። የላይኛው ረድፍ በማኘክ ሲረግፍ ከሥር ያለው ይተካዋል። ጉንጭ ውስጥ ለስላሳ ነው፤ ምግብ በሚፈትገው ድድና ላንቃ ላይ ግን ጥፍርና ፀጉር በተሠሩበት ፕሮቲን፣ በኬራቲን፣ ይጠነክራል። የከብት ሆድ አራት ክፍሎች አሉት። ትልቁን ጨጓራና ታጥቦ አይጠራም የሚባልለትን ሽንፍላ ጨምሮ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተለበጡት በዚሁ ኬራቲን ባጠነከረው ሽፋን ነው። አሲድ የሚያመነጭ እጢ የላቸውም፤ የሱሉልታን ድርቆሽ የሚያብላሉት እዚያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከሰው ጨጓራ ጋር የሚመሳሰለው አራተኛው ክፍል ብቻ ነው።

ለአፍና ለትልቁ ጨጓራ ሽፋን ዝምድና ጥሩ ምስክር አፍተግር ነው፤ ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚመረምራቸው በሽታዎች አንዱ። በከብቱ ምላስና ድድ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፣ በሰኮናው መሐል ያለውን ቆዳም ያቆስላል። ቁስሉ አንዳንዴ ትልቁ ጨጓራ ውስጥም ይገኛል፤ ሦስቱም ቦታ ሽፋናቸው አንድ ዓይነት ነውና።

በሰው ይህ ባለ ብዙ ረድፍ ሽፋን የምግብ ቧንቧን ይዞ ይወርድና ከፊት ጥርስ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ በድንገት ያበቃል። ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም ድንበሩን በዓይኑ ያየዋል፤ ነጣ ያለው ሽፋን ከቀላው ጋር በተንጋደደ መሥመር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጨጓራ ሽፋን አንድ ረድፍ ሕዋስ ቢሆንም ንፍጥ እያመነጨ ራሱን ከአሲዱ ይጠብቃል። ከድንበሩ በላይ ያለው ይህን ያህል መከላከያ የለውም፤ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ቃር የሚያቃጥለን ለዚህ ነው። ለዓመታት የተመላለሰ ቃር አንዳንድ ሰው ላይ ሽፋኑን ወደ አንጀት ዓይነት ይለውጠዋል፣ ይህም ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። በተልባ እያስታገሡ ዝም ማለት አይገባም።

ከሽፋኑ ሥር ደም ሥርና ነርቭ የያዘ ልል ንብርብር፣ ቀጥሎ ጡንቻ፣ በመጨረሻ የውጭ መጠቅለያ አለ። ቅደም ተከተሉ ከምግብ ቧንቧ እስከ ትልቁ አንጀት ብዙም አይለወጥም። ዱለት ሲታኘክ ጥርስን የሚሟገተው ጡንቻው ነው።

ቀጭኑ አንጀት ላይ ሽፋኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጡ ጣት መሳይ ጉጦች ይሞላል። አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የሆነው የተፈጨውን ምግብ ወደ ደም ማሳለፍ ስላለበት ነው። በመሳሳቱም በቀላሉ ይጎዳል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። ኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናትን የምትከትብለት ሮታ ቫይረስ የሚገድለው የእነዚህን ጉጦች ጫፍ ሕዋሳት ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሰጠው፣ ጡትም የማይቋረጥበት፣ ከሥር የሚበቅሉት አዳዲስ ሕዋሳት ቦታቸውን እስኪይዙ ፈሳሽ አልቆበት እንዳይሞት ነው።