የሙጫው ልክ፦ በቤት ውስጥ በሚሠራ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ላይ የተመሠረተ ስሌት



በካሊፎርኒያ ተማሪ ሳለሁ፣ በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጋራዥ ውስጥ ለመሥራት ሞክሬ ነበር። ፎሙን ቀረጽን፤ ፋይበርግላሱን አለበስነው፤ ኢፖክሲ ሙጫውን በጥብጠን ማፍሰስ ጀመርን። የሰሌዳው ሲሶ ገና ደረቅ ሳለ ሙጫው አለቀ። ሌላ በጥብጠን እስክንመለስ ድረስ የቀደመው መርጋት ጀምሮ ነበርና መጋጠሚያው ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

የተጠቀምኩበት ሕግ በሙያው የታወቀ ነው፦ በእጅ ሲሠራ የሙጫው ክብደት ከጨርቁ ክብደት ጋር ይተካከላል። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሚመልሰው ግን የጥያቄውን አንድ ክፍል ብቻ ነው። እስቲ ቁጥሩን አብረን እንሥራው።

ርዝመቱ 183፣ የመሀል ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ እንውሰድ። የሁለቱ ብዜት 0.92 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ጫፎች እየጠበቡ ስለሚሄዱ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 0.69ን እንይዛለን። ጨርቁ በጠርዙ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚታጠፍ፣ ዙሪያው 4 ሜትር ቢሆን 0.2 ይጨመራል። አንድ ንጣፍ እንግዲህ 0.9 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በገበያ ባለ 4 አውንስ የሚባለው ጨርቅ በካሬ ሜትር 136 ግራም ስለሚመዝን ንጣፉ 122 ግራም ይሆናል። ለታችኛው ፊት አንድ፣ ሰው ለሚቆምበት ላይኛው ፊት ሁለት ንጣፍ ብናለብስ ጨርቁ 366 ግራም፣ ሙጫውም 366 ግራም ነው። እኔ እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት።

ጨርቁ ከራሰ በኋላ ግን የሽመናው ጉርብጥብጥ ይቀራል፤ እሱን የሚሞላ ሌላ ሽፋን በላዩ ይፈስሳል። ይህ ሽፋን የጨርቁን ክብደት አይከተልም፤ የሚወስነው ስፋትና ውፍረት ነው። ውፍረቱን 0.2 ሚሊ ሜትር፣ የኢፖክሲውን እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.1 ግራም ብንል፣ ለአንድ ፊት 200፣ ለሁለቱ 400 ግራም ያስፈልጋል። ጨርቁ ከሚጠጣው ይበልጣል!

ሦስተኛው ክፍል የሚባክነው ነው፦ የፎሙ ቀዳዳዎች የሚስቡት፣ በኩባያውና በማሰራጫው ላስቲክ ላይ የሚቀረው፣ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበው። እኔ ለእያንዳንዱ ፊት 60 ግራም እመድብለታለሁ፤ ይህ ግን የእኔ እጅ ቁጥር ነው። ድምሩ 886 ግራም ሆነ፤ ከመጀመሪያው ግምቴ ከሁለት እጥፍ በላይ።

ታዲያ ከመጀመሪያው አንድ ኪሎ በጥብጦ መገላገል አይቻልምን? አይቻልም። ሙጫና ማጠንከሪያ ሲዋሐዱ ሙቀት ያመነጫሉ። በሰሌዳው ላይ በስሱ የተዘረጋ ሙጫ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፤ በኩባያ የተከማቸው ግን ራሱን እያሞቀ፣ ሙቀቱም ውሕደቱን እያፋጠነ፣ ጭስ እስከ ማውጣት ይደርሳል። ማጠንከሪያውን በመቀነስም ማዘግየት አይገባም፤ የኢፖክሲ ምጣኔ የተወሰነ ነውና የተዛባው ሙጫ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በሁለተኛው ሰሌዳዬ ለታችኛው ፊት 182 ግራም በጠበጥኩ፤ ለላይኛው 304 ግራም፣ እሱንም በሁለት ኩባያ ከፍዬ፣ ሁለተኛውን የበጠበጥኩት የመጀመሪያው ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል ነው። ባዶዎቹን ኩባያዎች ከሥራው በኋላ መልሼ መዘንኳቸው፤ የ60 ግራሙን ግምት ማረም የጀመርኩት ከዚያ ነው።