እንዶድም «ተፈጥሯዊ» ነው፤ ዓሣ ግን ይገድላል

ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ቅጠልና «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ያለበት ሳሙና ስታዩ እጃችሁ ወዲያው ወደ ኪስ ይገባል? ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ እንዶድ እናውራ።

እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል፣ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ ሳሙና ከየት ይመጣል?

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ትልቅ ግኝት ሆነ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተውበታል።

አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም እሱው ነው። ዓሣም አይምርም። «ከተክል የተሠራ» ማለት «ወንዝ አይጎዳም» ማለት አይደለም። በእንዶድ የምታጥቡ ካላችሁ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ስትወቅጡ ተጠንቀቁ።

ታዲያ ምን እንግዛ? የማሸጊያውን ፊት ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ከሆነ «ፎስፌት» የሚል ካለ መልሱት። ፎስፌት ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ለአልጌና ለውሃ አረም ማዳበሪያ ነው፤ እምቦጭም የሚፋፋው እንዲህ ባለ ምግብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በቤት የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ፎስፌት ከ2013 ጀምሮ በጣም ገድቦታል።

ለእጅ እጥበት ከዘይት ወይም ከሞራ የተሠራ ደረቅ ሳሙና ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ችግሩ ካልሲየም በበዛበት የጉድጓድ ውሃ አረፋው እምቢ ይላል፣ ልብሱ ላይም ግራጫ ቅሪት ይተዋል። ቆዳችሁ የሚያሳክክ ከሆነ ሽቶ የሌለበትን ምረጡ። በነገራችን ላይ አረፋ በዛ ማለት ልብሱ ጠራ ማለት አይደለም፤ ትርፉ ለማለቅለቂያ የሚባክን ውሃ ነው።

ደግሞ ቲክቶክ ላይ ኮምጣጤና ሎሚን ከበረኪና ጋር ቀላቅላችሁ ሽንት ቤት እጠቡ የሚሉ አሉ። በፍጹም እንዳትሞክሩት! ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሳንባ ይጎዳል። ተሳስታችሁ ከቀላቀላችሁ ወዲያው ውጡ፤ በሩን ክፍት ተዉት፣ አየሩ እስኪጠራም አትመለሱ።