ወርቅ ፍለጋ ለሚወጣ፦ የቱ ወንዝ፣ የትኛው ዳርቻ?

በካሊፎርኒያ የዕረፍት ቀናቸውን ወንዝ ዳር ወርቅ በማጠብ የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። በሻኪሶና በአሶሳ አካባቢ ወርቅ ማጠብ የዕለት እንጀራ ነው፤ በካሊፎርኒያ ግን መዝናኛ ነው። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መሣሪያ ነው። እኔ ቦታው ይቀድማል ባይ ነኝ። ወርቅ የሌለበት ወንዝ ለውድ መሣሪያም አይሰጥም።

መነሻው ወርቅ ቀድሞ የተገኘበት አካባቢ ነው። ጄምስ ማርሻል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 ኮሎማ ላይ፣ በአሜሪካን ወንዝ ደቡባዊ ገባር ዳር ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ግርጌ ያሉትን ጅረቶች ቆፋሪዎች አሰሷቸው። ያገኙበት ቦታ በካርታና በመንግሥት ዘገባዎች ተመዝግቧል፤ አጥበው የከመሩት ድንጋይም ዛሬ ድረስ በየዳርቻው ይታያል። «እነሱ ጨርሰውት የለ?» የሚል ይኖራል። አልጨረሱትም። ደቃቁ ብዙ ጊዜ አምልጧቸዋል፤ የክረምት ጎርፍም ዳርቻውን እየሸረሸረ አዲስ ያመጣል።

ወንዙ ከተመረጠ በኋላ ዋናው ሥራ ወንዙን ማንበብ ነው። ወርቅ ከውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ 2.65 እጥፍ ገደማ። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም ስለሚቀሉ ልዩነቱ ጭራሽ ይሰፋል፤ በመጠን እኩል ከሆኑ ወርቁ የአሸዋውን 11 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወርቅ የሚጓዘው ወንዙ ሲሞላ ነው፣ የሚወድቀውም የውኃው ጉልበት በላላበት። ዛሬ የሚፈሰውን ውኃ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ በጎርፉ ቀን ውኃው የሄደበትን መንገድ በዓይነ ሕሊና መከተል ያስፈልጋል። መታጠፊያው ላይ ውስጠኛው ጎን፣ ከትልቅ ቋጥኝ በስተጀርባ፣ ጠባቡ ሸለቆ በድንገት ሰፋ የሚልበት ቦታ ሁሉ መሞከር አለበት።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው የአለት ስንጥቅ ነው። ወርቅ በጠጠሩ መካከል እየሰመጠ ሄዶ የሚያቆመው የታችኛው አለት ነውና፣ የውኃውን ፍሰት አቋርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ ውኃው ተሸክሞት የመጣውን ይይዛል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የታጨቀውን ጭቃና ጠጠር በማንኪያና በጠፍጣፋ ብረት እስከ ታች መፋቅ። ብዙው ሰው ከላይ ጭሮ ይተወዋል፤ ወርቁ ግን ያለው ከታች ነው።

አንድ ቦታ ላይ ከመቆፈር በፊት ከተለያዩ ቦታዎች አንዳንድ ሳህን ማጠብና ብናኙን መቁጠር ይገባል። ቁጥሩ ወደ ጨመረበት ማምራት ነው። ሳህኑ ግርጌ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ከባድ ነገር እንደሚወድቅ ያሳያል እንጂ ወርቅ መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆፋሪዎች ወርቅ ለመያዝ ሜርኩሪ ይጠቀሙ ነበር፤ ብዙው ወደ ወንዞቹ ፈስሶ ቀርቷል። የብር መልክ ያለው ወርቅ ከተገኘ ሜርኩሪ የያዘ ሊሆን ስለሚችል በጭራሽ እሳት ላይ አይደረግም። ትነቱ አእምሮንና ነርቭን ይጎዳል።

ሕጉም ቦታውን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የፌዴራል የማዕድን ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ሰዎች የማዕድን ይዞታ እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል፤ አንድ ሰው በወንዝ ደለል ላይ እስከ 20 ኤከር መያዝ ይችላል። አጥር ስለሌለው ባዶ ይመስላል፣ ወርቁ ግን የባለይዞታው ነው። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የፌዴራሉን የመሬት አስተዳደር ቢሮና የካውንቲውን መዝገብ ማየት ግዴታ ነው። በሞተር ደለል እየሳቡ ማጥለልም በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ታግዷል።

ለጀማሪ የምመክረው ከሳክራሜንቶ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚደረስባቸውን ሁለት ቦታዎች ነው። ኦበርን ያለው የግዛቱ መዝናኛ ስፍራ በእጅና በሳህን ማጠብን ይፈቅዳል። ኮሎማ ያለው የማርሻል ታሪካዊ ፓርክ ደግሞ ለዚሁ የተከለለ ዳርቻ አለው። በግንቦትና በሰኔ የሚቀልጠው በረዶ ወንዙን ስለሚሞላው ውኃው ቀዝቃዛና ኃይለኛ ነው፤ በበጋው ማብቂያና በመኸር ግን ጎደል ብሎ ስንጥቆቹን ያጋልጣል።