የኤስኤስዲ ሞዴል ቁጥር ምን ይነግረናል?

ከሶፊ ተነስቶ የደርስ ቅጂና የኪታብ ፎቶ ማስቀመጫ ኤስኤስዲ ፍለጋ ሐረር ሸዋ በር ወይም ድሬዳዋ ታይዋን የሚወርድ ሰው፣ ከሻጩ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ “አንድ ቴራ ነው” የሚለውን ብቻ ነው። እኛ ግን ትንሿን ኮድ አንብቡ እንላለን።

ሳምሰንግን እንውሰድ። ኤምዜድ-77ኢ1ቲ0 እና ኤምዜድ-77ኪው1ቲ0 በመጠን እኩል ናቸው፤ “1ቲ0” አንድ ቴራባይት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ነች። ኢ ያለበት 870 ኢቮ ሲሆን በአንድ የማስታወሻ ሴል 3 ቢት ይይዛል። ኪው ያለበት 870 ኪውቮ 4 ቢት ያጭቃል። ብዙ ሲታጨቅ ዋጋው ይረክሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል፦ አምራቹ ለኢቮ 600፣ ለኪውቮ 360 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና ይሰጣል። ኪውቮው 42 ጊጋባይት ያህል በአንድ ጊዜ ከተገለበጠበት በኋላ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። አንዴ ገልብጦ ለሚያስቀምጥ አይከፋም። በየቀኑ ቪዲዮ ለሚያቀናብር የመስጂድ ሚዲያ ክፍል ግን ኢቮው ይሻላል ባይ ነን።

ከኤምዜድ ቀጥሎ ቪ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ኤንቪኤምኢ ነው፣ የቆየ ላፕቶፕ ላይ አይገባም።

ተለጣፊ ማንም ሊያትም ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩን አሰክታችሁ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዲስክ ድራይቭስ ስር የሚወጣውን ስም እዩ። ተለጣፊው 77ኢ እያለ ኮምፒውተሩ “870 ኪውቮ” ካለ፣ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።