«ዊ» ያስጥላል፣ «አይ» ያስቀጥራል

ይህ ወሬ ከእኔና ከእናንተ አይለፍ። አል-ማንሺያ የእኛው ዓባይ በጎኗ የሚያልፍ የምሥራቅ ካርቱም ሰፈር ናት። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ የባለ ቪላዎችና ቢሮ የተከራዩ የውጭ ድርጅቶች መንደር ነበረች። አጠገቧ ያለው ጄሪፍ ደግሞ ሐበሻ የሞላበት ነበር። ከጄሪፍ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ዲፕሎማውን በፌስታል ይዞ ለኢንተርቪው ማንሺያ የሚገባውን ልጅ እኔ የማየው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ነጥብ ከሚሰጡት ጎን በተርጓሚነት ተቀምጬ ነበር።

ጥያቄው ከክፍል ክፍል እምብዛም አይለያይም፤ እጅግ የምትኮራበትን ሥራህን ንገረን ይባላል። ልጁ አንገቱን ይደፋል። «ዊ» (እኛ) ብሎ ይጀምርና ከባልደረቦቼ ጋር፣ በአለቃዬ ድጋፍ፣ በፈጣሪ ርዳታ እያለ ይቀጥላል። ሰፈር ውስጥ ቢሆን ጨዋ ልጅ ያሰኘው ነበር። ነጥብ ሰጪው የያዘው ቅጽ ግን ስታር በሚባለው ዘዴ የተከፋፈለ ነው፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነቱ፣ የወሰድከው ርምጃ፣ ውጤቱ። ሦስተኛዋ ሣጥን የአንተን ድርሻ ብቻ ትፈልጋለች። «ዊ» ሲባል ብዕሩ ይቆማል። መጠለያ ጣቢያ እህል ሲያከፋፍል የከረመው ልጅ፣ መዝገብ በፊደል ተራ ካስተካከለው ያነሰ ነጥብ ሲያገኝ ዓይኔ እያየ ዝም ብያለሁ። ተርጓሚ አስተያየት አይጠየቅማ።

ራሳችንን ማወደስ አናውቅበትም እንዳትሉኝ፤ ዘራፍ ብሎ የሚፎክር ሕዝብ ልጆች ነን። ፉከራ ግን ቦታ አለው። የሚፎከረው አብሮ የዘመተ ሰው ባለበት ነው፤ የዋሸ እዚያው ይዋረዳል። ሙገሳውም በፈረስ ስም ዞሮ ይመጣል፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ። ከዚህ ውጭ የሚወራው ጉራ ይባላል። ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ምስክርም ፈረስም የለም።

ጄሪፍ ቡና ላይ ለልጆቹ ሹክ የምላቸው ይህን ነበር። «ፕራውድ» ሁለት ፊት አላት። «ፕራውድ ኦፍ» ተብላ ሥራህ ከተከተላት ታምራለች፤ «አይ አም ኤ ፕራውድ ፐርሰን» ካልክ ግን ትዕቢተኛ ነኝ እንዳልክ ሊቆጠርብህ ይችላል። «ፕራውድ ኦፍ ማይ ቲም» ብልጥ ናት፤ ቡድኑን እያመሰገንክ መሪው አንተ እንደነበርክ ታስገባለህ። «ሴልፍ-ሳቲስፋይድ»ን (በራሱ የረካ) ከመዝገበ ቃላት አውጥተው ማመልከቻ ላይ የሚጽፏት አሉ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እሷን የሚያወጣት ሰው ሲያማ ነው። ጠያቂህ እንግሊዛዊ ከሆነና «ኖት ባድ» ካለህ አትደንግጥ፤ ጥሩ ሙገሳ ሊሆን ይችላል።

በራስ ረክቶ መኩፈስ ለምትለዋ «ስማግ» ምሳሌው እዚያው ሰፈር ነበር። የሱዳኑ እስላማዊ ፖለቲከኛ የሐሰን አል-ቱራቢ ቤት ማንሺያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፕሬዚዳንቱ ከአል-በሽር ጋር ሲጣሉ ሱዳኖች ሁለቱን ጎራ «ቤተ መንግሥቱና ማንሺያ» ይሏቸው ነበር። ለንደንም ሶርቦንም የተማሩት ሰውዬ ለምዕራባውያን ጋዜጠኞች በእንግሊዝኛ ሲመልሱ ከፊታቸው የማትጠፋው ፈገግታ፣ በእኔ ዓይን፣ ራሷ «ስማግ» ነበረች። ባለ ሥልጣን ይችላታል፤ ሥራ ፈላጊ ግን አይሞክራት።

አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሃሪስ ዊትልስ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ ያወጣበት «ሃምብልብራግ»ስ? እያማረሩ መኩራራት ነው፤ የእኛ ሰው ድሮም ያውቅበታል። ድክመትህ ምንድን ነው ሲሉት «እኔ ካልነካሁት ሥራ አይሄድም፣ ምን ላድርግ» ይላል። ነጥብ ሰጪዎቹ ይጠቃቀሳሉ። እኔም ቀና ብዬ አላይም።

ጦርነቱ ድርጅቶቹን ወደ ፖርት ሱዳን፣ ብዙውን ሐበሻ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ነዳው። አሁን ኢንተርቪው በዙም ሆኗል፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ሰው አንድ ዕድል ከፍቷል። «አይ» (እኔ) ብለህ በትልቁ ጻፍና ግድግዳው ላይ ለጥፍ፤ ማንም አያይብህም። ከካሜራው በላይ ግን ይሁን። በታች ከሆነ ዓይንህ ይወርዳል፤ አንተ በአክብሮት የደፋኸውን አንገት እነሱ የሚደብቀው ነገር አለ ብለው ይጽፉታል።