ሶኬቱ አንድ ሆኖ ፕሮሰሰሩ የማይሠራበት ምክንያት

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ፥ ከጥቂቶቹ በቀር፥ ነጋዴው ጄኔሬሽን በሚለው አቈጣጠር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠሩትን ብቻ በደንቡ ይቀበላል። ከዚህ የተነሣ በ6ኛውና በ7ኛው ትውልድ የሚሠሩት የቢሮ ኮምፒዩተሮች በጨረታ ሲቀርቡ፥ የንግድ ሰው አሳብ ወደ አንድ ነገር መሳቡ አይቀርም፤ ይኸውም አሮጌውን ኮምፒዩተር በርካሽ ገዝቶ፥ ያገለገለ የ8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከዱባይ ወይም ከሌላ ስፍራ ለብቻው አስመጥቶ፥ በነበረው ማዘርቦርድ ላይ አስገብቶ በደኅና ዋጋ መሸጥ ነው። የሁለቱም ሶኬት 1151 ተብሎ ስለሚጠራ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ትርፍ ያለው ይመስላል።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ 100 ፕሮሰሰር ያዘዘ ነጋዴ፥ በገዛቸው ማዘርቦርዶች ላይ አንዱም አይሠራለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር በ2015፥ የ7ኛው በ2017 መጀመሪያ፥ የ8ኛው ደግሞ በዚያው በ2017 ማለቂያ ግድም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለገበያ ወጡ። የሦስቱም መገናኛ ነጥቦች ቍጥር 1151 ነው። ይሁን እንጂ በ8ኛው ትውልድ ኮር አይ 5 የተባለው ዓይነት ከ4 ኮር ወደ 6 ኮር ከፍ ስላለ፥ ኢንቴል የነጥቦቹን ሥራ እንደገና ደለደለው፤ ኃይል የሚያስገቡት ነጥቦች ከ128 ወደ 146፥ የመሬት ነጥቦች ከ377 ወደ 391 ከፍ አሉ። ስለዚህ የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር በአሮጌው ሶኬት ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፥ መክደኛውም ያለ ችግር ይዘጋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይነሣም። አዲሱም ማዘርቦርድ ቢሆን የ6ኛውንና የ7ኛውን ትውልድ አይቀበልም።

እንግዲህ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው የሶኬቱን ስም ብቻ ሳይሆን የቺፕሴቱን ስም ነው። ኤች 110፥ ቢ 150፥ ቢ 250 የተባሉት ለ6ኛውና ለ7ኛው ትውልድ ናቸው፤ ኤች 310፥ ቢ 360፥ ዜድ 370 የተባሉት ለ8ኛውና ለ9ኛው። የፕሮሰሰሩ ትውልድ ከራሱ ቍጥር ይታወቃል፤ 6500 ቢል 6ኛ፥ 8400 ቢል 8ኛ፥ 10400 ቢል 10ኛ ነው። በማዘርቦርዱ ፕሮግራም ላይ ለውጥ አድርገው ይህን ገደብ የሚያልፉ ብልሃተኞች መኖራቸው አይካድም። ለራስ መሞከሪያ ይሆን ይሆናል፤ ዋስትና ፈርሞ ለሚሸጥ ባለሱቅ ግን አይበጅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ባዮስ የተባለው፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ የሚነበበው ፕሮግራም ነው። ኤች 61 የተባለው ቺፕሴት ያለበትን ማዘርቦርድ እንውሰድ። ይህ በ2011 ለ2ኛው ትውልድ የወጣ ሲሆን፥ ባዮሱ ከታደሰ በ2012 የወጣውን 3ኛውን ትውልድም ይቀበላል። ባዮሱ ካልታደሰ ግን ጨርሶ አይነሣም፤ ለማደስም በመጀመሪያ ማዘርቦርዱ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ንግድ የተሰማራ ባለሱቅ ሁሉ ከየሶኬቱ አንድ አንድ ርካሽ አሮጌ ፕሮሰሰር ከመሳቢያው ባያጣ መልካም ነው። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት ቢ 65፥ ኪው 65ና ኪው 67 የተባሉት ቺፕሴቶች ግን በኢንቴል ደንብ ለ3ኛው ትውልድ አልተፈቀዱም። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የሚገዛ ሰው እነዚህን ልብ ብሎ ይመልከት።

ስለ ሜሞሪው ብዙ ማለት አያሻም፤ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ስለሆነ ዲዲአር 3 ወይም ዲዲአር 4 መሆኑን ማየት ይበቃል። በቍጥሩ መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር፥ ለምሳሌ 9400 ኤፍ፥ የራሱ የምስል ክፍል ስለሌለው የግራፊክ ካርድ ካልታከለበት ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ደንበኛው ግን «የተበላሸ ሸጥህልኝ» ብሎ ይመለሳል።

ዕቃው ሲደርስ የሚመረመረውም ቦታ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በኢንቴል ከላይ በተነገሩት ዓይነቶች ቀጫጭኑ መርፌ ያለው በማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ ነው፤ ኤ ኤም 4 በተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ግን መርፌው ያለው በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር በከረጢት ተዘርግፎ ከተጫነ መርፌው መጣመሙ የማይቀር ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ጀርባ ላይ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፥ መለያውም በኤስ ፋንታ በኪው ፊደል ቢጀምር፥ ያ ዕቃ ለፋብሪካ ሙከራ የተሠራ እንጂ ለሽያጭ የወጣ ስላልሆነ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መመለስ ይገባል።

የዕቃ ማዘዣ ደብዳቤ ማርቀቅ የጸሐፊ ሥራ ነውና በዚህ በኩል ያለኝን ልናገር። «ኮር አይ 5፥ ሶኬት 1151፥ ብዛት 100» ብሎ መጻፍ ለሻጩ በር መክፈት ነው። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቍጥር ከነመጨረሻ ፊደሉ፥ የሚገባበት ማዘርቦርድ ቺፕሴት፥ የባዮሱ ቍጥር፥ መርፌው የተጣመመ ዕቃ ተመላሽ መሆኑ በማዘዣው ላይ ይጻፍ። አስቀድሞም 2 ወይም 3 ናሙና መጥቶ፥ ገዢው በያዘው ማዘርቦርድ ላይ ተሞክሮ ሳይነሣ ቀሪው ሒሳብ አይከፈል።