የባሌት ዳንሰኞችን ዳሌ የሚፈትነው ምንድን ነው?

አሜሪካዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ዌንዲ ዊለን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ስታደርግ 46 ዓመቷ ነበር። በመገጣጠሚያዋ ጠርዝ ላይ ያለው ለስላሳ ቀለበት ተቀድዶ ነበር። ከወራት ማገገሚያ በኋላ ወደ መድረክ ብትመለስም፣ በ2014 ለ30 ዓመታት የቆየችበትን ኒውዮርክ ሲቲ ባሌትን ተሰናብታለች። በ2016 የወጣው 'ሬስትለስ ክሪቸር' የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ትግሏን ያሳያል።

በዚያው ቡድን ከእሷ ቀደም ብላ የገነነችው ሱዛን ፋረል ደግሞ በ1987 የዳሌ መገጣጠሚያዋ በሰው ሠራሽ ተተክቶላት እንደገና ደንሳለች። መድረኩን የተሰናበተችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የሁለቱ ታሪክ የሚያስነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ባሌት ከዳሌ ምን ይፈልጋል?

የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ይቀመጣል። የጎድጓዳውን ጠርዝ ላብረም የሚባል ቀለበት ይከብበዋል። ላብረም ለጎድጓዳው ጥልቀት ይጨምርለታል፤ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ እንዳያመልጥም እንደ ማሸጊያ ጎማ ያገለግላል።

እስክስታ ትከሻን እንደሚጠይቅ ሁሉ ባሌትም ከሁሉ በላይ ዳሌን ይጠይቃል። የጥበቡ መሠረት 'ተርንአውት' የሚባለው አቋም ሲሆን፣ ዳንሰኛዋ ሁለቱንም እግሮቿን ከዳሌዋ ጀምሮ ወደ ውጭ ታዞራለች። ፍጹም የሚባለው ልክ ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ፣ የእግር ጣቶች ግራና ቀኝ እያመለከቱ 180 ዲግሪ ሲሞላ ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ እግር 90 ዲግሪ መዞር አለበት። አብዛኛው ሰው ይህን ያህል ከዳሌው ብቻ ማዞር አይችልም፤ የጎደለውን ከጉልበቱና ከቁርጭምጭሚቱ ይበደራል። የእነዚህ መገጣጠሚያዎች ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ዳሌ ምን ያህል እንደሚዞር በአብዛኛው የሚወስነው የአጥንቱ ቅርጽ ነው። ልምምድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ያለውን አቅም እስከ ጫፍ ለመጠቀም ያስችላል፤ የአዋቂን ሰው አጥንት ግን አይለውጥም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የመምረጫው መስፈርት ነው። ጎድጓዳው ጥልቀት የሌለው ዳሌ እግርን ከፍ አድርጎ ለማንሳት ይመቻል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አፈጣጠር ያላት ታዳጊ ገና በልጅነቷ በመምህራን ዓይን ትገባለች። ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ኳሱን አጥብቆ አይዝም፤ ጫናውም ወደ ላብረም ይዞራል። ለመመረጥ ያበቃት ስጦታ ራሱ ለጉዳት ያጋልጣታል ማለት ነው።

በስዊዘርላንድ ጄኔቫ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሙያተኛ ዳንሰኞች እግራቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው እንደተቀመጡ በኤምአርአይ አንስተዋቸዋል። በ2013 በታተመው ጥናታቸው መሠረት፣ በዚህ አቀማመጥ የጭን አጥንቱ ኳስ ከመሃሉ በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለዓመታት የሚደጋገም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይሁን እንጂ የላብረም መቀደድ ሁሉ የሥራ ዘመን ማብቂያ አይደለም። የአውስትራሊያ ባሌት ቡድን ፊዚዮቴራፒስት ሱ ሜይስ የመሩት ጥናት 49 የአሁንና የቀድሞ ዳንሰኞችን ከ49 ስፖርተኞች ጋር አነጻጽሯል። በ2016 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በሁለቱም ወገን ከተመረመሩት ዳሌዎች ግማሽ ያህሉ የተቀደደ ላብረም ነበረባቸው፤ መቀደዱ ግን ከሕመም ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ስለዚህ ምስሉን ብቻ አይቶ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ተገቢ አይመስልም።

ዳሌ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚሰማው 'ቀጭ' የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ ጅማት በአጥንት ላይ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። ሕመም ከሌለው አያሰጋም።

ይበልጥ አሳሳቢው ቅጥነትን ለመጠበቅ የሚደረገው የምግብ ቅነሳ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ሰነድ እንዳብራራው፣ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ጋር የማይመጣጠን ምግብ ሲያገኝ የወር አበባ ሊቋረጥ፣ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል። እንዲህ የሳሳ የጭን አጥንት አንገት በዝላይ ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካም ሩቅ አይደለም። በናይሮቢ፣ ኪቤራን በመሳሰሉ ሰፈሮች ጭምር፣ ሕጻናት ባሌት ይማራሉ። በዚህ ዕድሜ የመምህሩ ኃላፊነት ከባድ ነው፤ የልጅን እግር በእጅ ገፍቶ ወደ 180 ዲግሪ ማድረስ አጥንቱን አያዞረውም፣ ጉልበቱን ግን ይጠመዝዘዋል።

የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከጎን ሳይሆን ብሽሽት ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት ዳንሰኞች የጡንቻ መሳሳብ ነው ብለው ችላ ይሉታል። ሲረግጡ የሚብስ፣ ሌሊትም የማይተው የብሽሽት ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ዝላይ ወዲያውኑ ቆሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።